በሰውነት ላይ የሚታይ ወይን ጠጅ ቀለም ምን ያመለክታል?

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነስቶ በከፋ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በሌሎች የምዕራብ አካባቢዎች እንዲሰፍር ተደርጓል። ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት ሰፈራ ሕመምተኛውን አስቀድሞ የሚያየው መዝጋቢው ወይም እህል የሚያድለው ሠራተኛ ነው። በቡና ለቀማ ወራት በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ዙሪያ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በመሆኑም ይህን ምልክት ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም።

ወይን ጠጅ ቀለም ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። የሚመጣውም በሁለት ዋና ምክንያቶች ሲሆን፣ አንደኛው ደም በቂ ኦክሲጅን ሲያጣ፣ ሁለተኛው ደም ከሥሩ ወጥቶ ከቆዳ በታች ሲፈስ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይለይ ምላስን፣ ድድን፣ የከንፈርን ውስጥ፣ ጥፍርንና መዳፍን በቀን ብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ጂ.ቪ. የተባለው ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት ተቀብቶ እንደሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በብርድ ማለዳ ጣቶች ብቻ ቢጠቁሩ ሲሞቁ ይመለሳሉ። የሚያስልና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ምላሱና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ከባድ የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ኦክሲጅን ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት።

ትኩሳት ባለበት ሰው ላይ ነጠብጣብ ከታየ በብርጭቆ ተጭኖ መመልከት ይጠቅማል። ሲጫኑት ካልጠፋ ከቆዳ በታች የፈሰሰ ደም ነው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደምን ሲመርዝ ይህን ምልክት ያሳያል፤ በሽታው በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከፍተኛ ወረርሽኝ አስከትሏል። «ምች ነው» ተብሎ በዳማከሴ ብቻ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሰዓት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳትም ተመሳሳይ ነጠብጣብና ነስር ያመጣል። የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ ሕክምናው ሕመምተኛውን መከታተል በሚቻልበት ጤና ድርጅት እንጂ በእደላ ቦታ መሰጠት የለበትም።

ድዱ አብጦ ወይን ጠጅ የመሰለና የሚደማ፣ እግሩ በልዞ መራመድ ያቃተው ሰው ደግሞ በቪታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በ1981 ዓ.ም. በሐርቲሼክ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ታይቷል። ምክንያቱም እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ብቻ የያዘ ራሽን ሆድ ቢያጠግብም ቪታሚን ሲ አይሰጥም። በጅማ ዙሪያ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካንና ጎመን ይበቅላሉ፤ ነገር ግን ምድሩ ለምለም መሆኑ ገና ጓሮ ያላለማውን ሰፋሪ አያድነውም። ጎመንም ለረጅም ጊዜ ከተቀቀለ ቪታሚኑን ያጣል።

ስለዚህ ምላሱ የጠቆረውና ትኩሳት ከማይጠፋ ነጠብጣብ ጋር የያዘው ሕመምተኛ በመጀመሪያው ተሽከርካሪ ይላካል። ድዳቸው የሚደማ ሰዎች በአንድ ሰፈራ ሲበዙ ግን ከሕክምናው ጋር የራሽኑ ዝርዝር መመርመር ይኖርበታል።