ልጃችን ተመረቀ፤ ኢንሹራንሱስ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ሜይ ወር የመጀመሪያ ልጃችን እዚህ ቨርጂኒያ ከኮሌጅ ሲመረቅ ቤታችን የሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፣ ቅዱሳን መጡ፣ ተጸለየለት። ከዚያ በኋላ ስለመጡት ወራት ግን ለማንም አላወራንም። ልጁ ማመልከቻ ይልካል፣ መልስ የለም። ጁላይ ሲያልቅ በኮሌጁ በኩል የነበረው የጤና ኢንሹራንስ ቆመ።

እኔ በመሥሪያ ቤቴ በኩል ለራሴና ለባለቤቴ ኢንሹራንስ ነበረኝ። ልጁን ልጨምርበት ብዬ ስጠይቅ ከደመወዜ የሚቆረጠው ገንዘብ አስደነገጠኝ። ባለቤቴም «ሥራ ሊያገኝ ነው፤ ሁለት ወር እንታገሥ» አለ። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ያልኩት በእምነት አልነበረም፤ ሒሳቡን ማየት ስላልፈለግሁ ነው።

ኦክቶበር ላይ አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያቃስት ሰማሁት። ገብቼ ሳየው ወለሉ ላይ ተኮራምቷል፣ ላብ አጥምቆታል። ሕመሙ ከጀመረው ሁለት ቀን ሆኖታል።

«ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እማዬ፣ ኢንሹራንስ የለኝም እኮ» አለኝ።

ትርፍ አንጀት ነበር። በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ጌታ ይመስገን፣ ዳነ። ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጄ በአባቱ ቤት፣ ከመኝታ ክፍሌ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ዕዳ እንዳይሆንብን ብሎ ሕመሙን ደበቀ።

ያን ጊዜ ያላወቅነውን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ኦባማኬር የምንለው የ2010 ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የወላጅ ኢንሹራንስ ልጆችን የሚሸፍን ከሆነ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው ሊቆይበት ይችላል፤ ቢያገባም፣ ሌላ ከተማ ቢኖርም። ነገር ግን ልጁ የነበረው ኢንሹራንስ ሲቋረጥበት፣ በመሥሪያ ቤት በኩል እርሱን ለመጨመር የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው። ማርኬትፕሌስ ከሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ ለመግዛት ደግሞ 60 ቀን። እነዚህ ካለፉ ኖቬምበር ላይ የሚከፈተውን ምዝገባ መጠበቅ ነው። እኛ «እንታገሥ» እያልን ሁለቱንም አሳለፍን።

ሜዲኬይድ ግን የምዝገባ ወቅት የለውም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ፣ ሜሪላንድ ከ2014 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ልጅ ለሌላቸው ጎልማሶችም ከፍተውታል። ቴክሳስ ያላችሁ አንባቢዎቼ ግን ይህ በር አልተከፈተላችሁም። በዲቪም ሆነ በሌላ መንገድ መጥተው ግሪን ካርዳቸው አምስት ዓመት ያልሞላው ጎልማሶችም በአብዛኛው አያገኙትም።

ይህን የነገረችን የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ነበረች። ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችን፣ «የዘንድሮውን ታክስ ስታሠሩ ዲፔንደንት ብላችሁ ትጽፉታላችሁ?» ብላ ነው። ከጻፍነው የእኛ ገቢ አብሮ ይቆጠርበታል፤ ካልጻፍነው ለብቻው ይታያል፣ የእርሱ ገቢ ደግሞ ዜሮ ነበር። የምናጣው 500 ዶላር የታክስ ቅናሽ ነው። ባለቤቴን ያስጨነቀው ግን ገንዘቡ አልነበረም። መኪና ውስጥ ስንገባ «የፓስተር ቤት በመንግሥት እርዳታ ይኖራል ይባላል» አለኝ። «ይባል!» አልኩት፤ በዚያ ዓመት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

አመለከትን። ሜዲኬይድ ከማመልከቻው በፊት የነበረውን እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የሕክምና ሒሳብ ይሸፍን ስለነበር የቀዶ ጥገናው ዕዳ ተነሣልን። ይህን ተስፋ አድርጋችሁ ግን አትቆዩ። በ2025 የወጣው ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ጎልማሶች ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ይህን ወደ አንድ ወር ያወርደዋል፤ በወር 80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ማሳየትንም ያስገድዳል።

ያን ሰሞን አንድ ወንድም፣ ክርስቲያኖች የሕክምና ወጪያቸውን በሚጋሩበት ማኅበር ውስጥ ልጁን እንድናስገባው መከረን። ወርኃዊ ክፍያው ከኢንሹራንስ ያንሳል፤ ማኅበራቱም መሠረታችን ገላትያ ምዕራፍ 6 ነው ይላሉ። ብዙዎችን ረድተዋልና አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ኢንሹራንስ አይደሉም። ሒሳባችሁን የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ የለባቸውም፤ ቀድሞ ለነበረ ሕመምም ብዙ ጊዜ ገደብ ያደርጋሉ። ስኳር ወይም አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ደንቡን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። ስሙ ክርስቲያናዊ ነው ብሎ መፈረም አይበቃም።

ቀኑ አልፎባችሁ ልጁ ቢታመምስ? ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ገንዘብ የለውም ብለው ሳይመረምሩ እንዳይመልሱት ሕግ አለ። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው የክፍያ እርዳታ የሚሰጡበት ደንብ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ፤ ማመልከቻውን ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብላችኋል።

በቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጁን ላይ ተመራቂዎችን መድረክ ላይ አቁመን እንጸልይላቸዋለን። ከዚያ እኔ አንድ በአንድ እየዞርኩ «ኢንሹራንስህ መቼ ነው የሚያበቃው?» እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ዛሬን እንኳ፣ እንኳን ደስ አለህ ብቻ ብትይው ምን ነበረበት?» ብላ ተቀየመችኝ። ልጇ ግን ምሳ ላይ ጥግ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ የእኔ ባለፈው ወር አብቅቷል» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ቀኑን ቆጠርን። ከ60ው ቀን ገና 34 ቀርቶት ነበር።