ከለጋሹ ወጥቶ ከተቀባዩ እስኪገባ

የአካል ክፍልን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዛወር ከተቻለ ወዲህ፥ ሊቃውንተ ሕክምናን ከቀዶ ጥገናው ጥበብ ባላነሰ ሲያስጨንቃቸው የኖረው፥ ክፍሉ ከለጋሹ ሥጋ ተለይቶ ከተቀባዩ ሥጋ እስኪዋሐድ ድረስ ያለው አጭር ጊዜ ነው።

ለብዙ ዘመን የተያዘው መፍትሔ በረዶ ነበር። የተለገሰው ጉበት በመጠበቂያ ፈሳሽ ታጥቦ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል ቅዝቃዜ ሲቀመጥ፥ የሕዋሳቱ ሥራ እጅግ ስለሚቀንስ ጥፋታቸው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ኦክሲጅን አጥቶ የኃይል ስንቁን የጨረሰ ሕዋስ፥ በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ሞቃት ደም በድንገት ሲደርሰው፥ ሊያድነው የመጣው ኦክሲጅን ራሱ መልሶ ያቆስለዋል።

ክፍሉን ከሰውነት ውጭ እየመገቡ የማቆየት ሐሳብ ቀድሞም የነበረ ነው፤ የኖቤል ተሸላሚው ፈረንሳዊ አሌክሲስ ካሬል ከአውሮፕላን አብራሪው ከቻርልስ ሊንድበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1935 በኒው ዮርክ ለዚሁ የሚሆን የመስታወት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በባሕርያዊ ሙቀቱ የተጠበቀ ጉበት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተተከለው ግን፥ የኦክስፎርዶቹ ፒተር ፍሬንድና ኮንስታንቲን ኩሲዮስ ባዘጋጁት መሣሪያ፥ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ነው።

መሣሪያው ጉበቱን በ37 ዲግሪ ሙቀት ይዞ፥ ኦክሲጅን የጠገበ ቀይ የደም ሕዋስን ከምግብና ደም እንዳይረጋ ከሚከለክል መድኃኒት ጋር በደም ሥሮቹ ያዘዋውርለታል። ጉበቱም ሥራውን ይጀምራል፤ ሐሞቱ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል፥ ጤነኛ ጉበት ከደም የሚያስወግደው ላክቴትም ሲቀንስ የሚያይ ሐኪም፥ በበረዶ ካለ ጉበት ከቶ ሊያገኘው የማይችለውን ምስክርነት ከመትከሉ በፊት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፥ 220 የጉበት ንቅለ ተከላዎችን ያነጻጸረ የአውሮፓ ጥናትም፥ በሙቀት የተጠበቁት ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆዩም ጉዳታቸው በግማሽ ማነሱን፥ ሳይተከሉ የሚጣሉትም በግማሽ መቀነሳቸውን አስረድቷል።

ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት ክፍሎች በሚተከሉበት ጊዜ ነው። ልብና ጉበት ለሚያስፈልጉት ሰው፥ በበረዶ ብዙ ሰዓት የማይታገሠው ልብ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀድም፥ ጉበቱ ረጅሙን ቀዶ ጥገና በቅዝቃዜ ሲጠብቅ ይጎዳ ነበር፤ በሙቀት እየተመገበ ተራውን ሲጠብቅ ግን፥ ሐኪሞቹ የአዲሱ ልብ ምት እስኪጸናና መድማቱ እስኪገታ ድረስ ሳይጣደፉ መሥራት ይችላሉ።

እርግጥ ነው፥ መሣሪያው ውድ ነው፤ የሠለጠነ ጠባቂም ይሻል፤ ሞቃት ክፍል የደም ዝውውሩ ቢቋረጥበት ከቀዝቃዛው ፈጥኖ ስለሚሞት፥ ቸልታን አይታገሥም። ከሁሉም በላይ፥ የተለገሰውን ከመጥፋት ያድናል እንጂ ያልተለገሰውን አያስገኝም፤ ስለዚህ ልገሳ በሕግ በተፈቀደበት አገር የሚኖር ሰው፥ ፈቃዱን በደኅናው ቀን ለቤተ ሰቡ ቢያስታውቅ መልካም ነው።