ሰብለ ወንጌል፦ ከደብረ ዳሞ እስከ ዲማ

«ሰብለ» ሲባል የብዙ አማርኛ አንባቢ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ይህ ስም ከወደደችው ከበዛብህ ስም ተለይቶ አልተጠራም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልቦለዱ ከመጻፉ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ግን ይህን ስም ይዘው አገር በጭንቅ ላይ ሳለች ያልተሸነፉ እቴጌ ነበሩ። ስሙን በቅጡ ማወቅ ለሚፈልግ ሁለቱም ሴቶች ያስፈልጉታል፤ ብዙ ያልተነገረላቸው ግን እቴጌዪቱ ናቸው።

ስሙ የተገኘው ከግእዝ ነው። «ሰብል» በግእዝ የእህል ዛላ ማለት ሲሆን ዕብራይስጥና ዐረብኛም ለእህል ዛላ ከዚሁ ሥር የወጡ ቃላት አሏቸው። በአማርኛ ትርጉሙ ሰፍቶ ማሳ ላይ የቆመውን አዝመራ ሁሉ ይጠቀልላል። ቃሉ «ወንጌል» ከሚለው ጋር ሲናበብ መጨረሻው ተለውጦ «ሰብለ ወንጌል» ይሆናል፤ የወንጌል ሰብል ማለት ነው። ሰብለ ማርያምና ሰብለ ሕይወትም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በሰዋስው ዓይን «ሰብለ» ብቻውን ሙሉ ስም አይደለም፤ «የማን ሰብል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል።

ወላጆች ለሴት ልጅ ይህን ስም ሲያወጡ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይመኙላታል። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በተጻፈው የዘሪው ምሳሌ ዘሩ ቃሉ ነው፣ በመልካም መሬት የወደቀውም መቶ፣ ስድሳ፣ ሠላሳ ያፈራል። ልጅቱ የዚያ ዘር ፍሬ ትሁን ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ከማሳው የመጣ ነው። ዝናብ በሚቀርበት፣ በረዶና አንበጣ በሚወርድበት አገር ለገበሬ ከቆመ ሰብል የበለጠ የምሥራች የለም።

እቴጌ ሰብለ ወንጌል እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ነበሩ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ከምሥራቅ ተነሥቶ አብዛኛውን ደጋ ሲይዝ የደረሰባቸው መከራ በአንድ ሰው ላይ የሚበዛ ነው። የበኩር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነቱ ሞተ፤ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማረከ፤ ባለቤታቸውም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ቆይተው በ1540 ደብረ ዳሞ አካባቢ ዐረፉ። እቴጌዪቱ ግን በዚያው በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ጸንተው ቆዩ።

በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ይዞ ከምጽዋ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እቴጌዪቱ ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። ከዘማቾቹ አንዱ የነበረው ሚጌል ደ ካስታንሆዞ ያየውን ጽፎ ስላቆየ፣ እቴጌዪቱ በጦር ሰፈር ውስጥ የነበራቸውን ቦታ ዛሬም ማንበብ ይቻላል። በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ፖርቱጋላውያኑ ድል ሆነው ክሪስቶቮ ተይዞ ሲገደል፣ የተረፉት የተሰባሰቡት በእሳቸው ዙሪያ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ከደቡብ መጥተው ከእነዚህ ጋር ከተገናኙ በኋላ በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቁ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነገር ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ነው። በወይና ደጋው ውጊያ የኢማሙ ልጅ ሙሐመድ ተማርኮ ነበር፤ የእቴጌዪቱ ልጅ ሚናስ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በየመን በቱርኮች እጅ ነበር። የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ልጃቸውን ለማስመለስ ተነሡ፤ ምርኮኞቹም ተለዋወጡ። ያን ሁሉ ደም ካፈሰሰ ጦርነት በኋላ በሁለቱም ወገን ያለች እናት ልጇን አገኘች። ሚናስም በ1559 ነገሠ። እቴጌዪቱ ከልጆቻቸው ዘመን አልፈው ገና ልጅ ሳለ ዙፋን ላይ ለወጣው የልጅ ልጃቸው ለሠርጸ ድንግልም ደጋፊና መካሪ ሆነዋል።

ስሙ ከዚያ በኋላም በመኳንንት ቤት አልጠፋም። የጎጃሙ ገዥ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን ያገቡት ወይዘሮም ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ስለዚህ ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ በዚህ ስም ሲጠሯት ለባላባት ልጅ የሚገባውን ስም ሰጥተዋታል። በልቦለዱ ዲማ የምትኖረው ሰብለ አባቷ በዘር እየመረጠ ባል እየከለከላት ቤት የቀረች፣ ሊያስተምራት የመጣውን በዛብህን የወደደች፣ በመጨረሻም ሁሉን ጥላ የወጣች ናት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ አወቃት። አንድ የመኳንንት ስም የሁሉም ቤት ስም እንዲሆን ከማንም በላይ የሠራችው እሷ ናት።

ዛሬ ስሙ ያረጀ አይደለም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታም፣ በመድረክና በቴሌቪዥን የተወደደችው ተዋናይት ሰብለ ተፈራም ተጠርተውበታል። በቤት ውስጥ «ሰብልዬ» ወይም «ሰብሊ» ይባላል። ውጭ አገር በሚኖሩት ዘንድ ግን ሌላ ችግር አለ፤ ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው ከተጻፉ «ወንጌል» የሚለው እንደ ሁለተኛ ስም ወይም እንደ አባት ስም ይቆጠራል። ልጃቸውን በስደት አገር ለሚያስመዘግቡ ወላጆች «ሰብለወንጌል» ብሎ በአንድ ቃል ማስጻፍ ስሙን ከመቆረጥ ያድነዋል።

ለልጃችሁ ይህን ስም ለማውጣት ያሰባችሁ፣ ሙሉውን አውጡላት። ስሙን ቀድሞውኑ የያዛችሁም የልቦለዷን ሰብለ እንደምታውቁ የታሪኳንም እወቁ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። የዲማዋ ሰብለ በደራሲዋ ብርታት ለዘላለም ትኖራለች፤ የደብረ ዳሞዋ እቴጌ የሚኖሩት ግን እኛ ካስታወስናቸው ነው።