ወንዝ ያመጣው አፈር



ዛሬ ስለ አፈር እናነባለን። አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ አንድ ዓይነት ነው። በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋማ ደለል ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ የያዘ ሰው ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁና ልንገራችሁ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ወደ ሰፈሩ የመጣሁት ፊደል ላስተምር ነው። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። በወንዙ ዳር ትንሽ የድንች መሬት አላቸው። ውሃ በጀሪካን እየቀዱ በየ4 ቀኑ ያጠጣሉ። ወሩ የካቲት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ወገቤ ደከመ። ውሃውን ባዘገየው ምን ይለኛል?»

እኔም የጎረቤታቸውን ዋልካ መሬት አየሁ። ውሃ ከጠጣ 10 ቀን ሆኖታል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ብዙ ሳላስብ፣ «እማማ፣ በየ10 ቀኑ ይበቃል፤ ለምን ይደክማሉ?» አልኳቸው።

በ8ኛው ቀን የድንቹ ቅጠል ጠወለገ። እማማ አልተቆጡም። በመኮትኮቻ መሬቱን ቆፈር አደረጉና አሳዩኝ።

«እየው ልጄ። ከላይ ደረቅ፣ ከታችም ደረቅ። ያንን ዋልካ አይተህ ነው ለዚህ የፈረድክ!»

በመከር ጊዜ ድንቹ አነስ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ፊደል ያልቆጠረ ሰው አስተማረኝ። እኔም ሄጄ ስለዚህ አፈር አነበብኩ፤ ገበሬዎችንም ጠየቅሁ። የተማርኩት ይኸውና።

ከየት መጣ?

በክረምት ጎርፍ ከተራራው አፈር ጠርጎ ይወርዳል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከዳር ወጥቶ በሜዳው ላይ ይሰፋል። ሲሰፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ከባዱ አሸዋ ቀድሞ እዚያው ወንዙ ዳር ይወድቃል። ቀላሉና የላመው ጭቃ ግን ራቅ ብሎ ይተኛል። ለዚህ ነው ዳሩ አሸዋማ፣ ራቅ ያለው ጭቃማ የሚሆነው።

በአንኮበር ገደል ሥርም እንዲሁ ነው። ወንዞቹ ከደጋው ሲወርዱ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ በመጨረሻ ጭቃ ይጥላሉ። በአሜሪካና በካናዳ ሰፊ የሣር ሜዳዎች የሚያልፉ ወንዞችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

የበሬሳ ውሃ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ከአንኮበር በስተምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል። የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከማለቁ በፊት፣ ከአገራችን ደጋ የተጠረገ አፈር በየዓመቱ በግብፅ እርሻ ላይ ይተኛ ነበር። እዚህ የጎደለው እዚያ ሞላ ማለት ነው።

ጠባዩ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ይህን አፈር አሸዋማ ለም አፈር ይሉታል። ሦስት ነገር ተቀላቅሎበታል፤ አሸዋ፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈርና ሸክላ። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አሸዋ ነው። ሸክላው ከ100 እጅ ከ20 እጅ አይበልጥም።

ደግነት አለው። ለማረስ ቀላል ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ቶሎ ይጠነፍፋል። እንደ ዋልካ አይሰነጠቅም። ሥር በቀላሉ ይገባበታል። ስለዚህ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ይወዱታል።

ክፋትም አለው። ውሃ አይዝም። በአንድ ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በሸክላ መሬት ግን የሚሰርገው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ማዳበሪያውንም ይዞት ይወርዳል።

እንዴት እንለየው?

አንደኛ፣ በእጅ። አንድ ጭብጥ አፈር ያዙ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉና እሹት። ሻካራ ከሆነ አሸዋ አለው። አድቦልቡሉት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ ጥብጣብ ግፉት። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሳያልፍ ከተቆረጠ አሸዋማ ነው። ዋልካ ግን ሳይቆረጥ ይረዝማል።

ሁለተኛ፣ በጠርሙስ። አፈርና ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ናጡ። ከዚያ አስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሥር የሚዘቅጠው አሸዋ ነው። የላመው በላዩ ይተኛል። ሸክላው እስኪወርድ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ የትኛው እንደሚበዛ ዓይታችሁ ፍረዱ።

እንዴት እንያዘው?

ውሃውን ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ አጠጡ። ዩሪያ የምታደርጉ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትጨርሱት፤ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ አድርጉት።

ፍግና ብስባሽ ጨምሩበት። ፍግ በአሸዋው መካከል ገብቶ ውሃውን ይይዛል። እዚህ ላይ ችግር አለ። በእኛ አገር ደጋ እንጨት ስለሚያንስ እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ታዲያ ለመሬቱ ምን ይተርፈዋል? ሁሉንም ተዉ አይባልም፤ ብርዱ ጽኑ ነው። ነገር ግን የበረቱን ጥራጊ፣ የተረፈውን ድርቆሽና የጓሮውን አረም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ማከማቸት ይቻላል።

ውርጭም አለ። በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ አትክልት ያቃጥላል። ደረቅ አሸዋማ መሬት ሙቀት አይዝም። ቀን ውሃ የጠጣ መሬት ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ ጉዳቱን ያቀለዋል።

በመጨረሻም ዳሩን ጠብቁ። እስከ ወንዙ አፍ ድረስ አትረሱ። ጥቂት እርምጃ ሣር ተዉለት፤ ወይም ደሾ ትከሉበት። ለቤት ሥራ የሚሆን አሸዋ ከዳሩ አይቆፈር። ይህን መሬት ያመጣው ጎርፍ ነው። ሥር የያዘው ሣር ከሌለ መልሶ የሚወስደውም ያው ጎርፍ ነው።

እማማ ዘንድሮ ከድንቹ በፊት ፍግ አድርገዋል። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚያስፈልግ አሁን እኔን አይጠይቁኝም። ጣታቸውን አፈር ውስጥ ከተው ያያሉ። ያጠጡበትንም ቀን በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ በራሳቸው እጅ።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. የእናንተ መሬት ዋልካ ነው ወይስ አሸዋማ? በምን አወቃችሁ?
2. አሸዋ ከወንዙ አጠገብ፣ ጭቃ ራቅ ብሎ የሚተኛው ለምንድን ነው?
3. ከቤታችሁ ከሚጣለው ነገር ለመሬቱ የሚሆነው የትኛው ነው?