ተጨማሪ መረጃ፦ ክንፉን የማያጥፈው ስካይሆክ

በሲያትል የበረራ ሙዚየም ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ለዕይታ የቀረበው ኤ-4ኤፍ ስካይሆክ ቀላል የጥቃት ጄት ነው፤ ይኸውም ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተነሥቶ የምድርና የባሕር ዒላማዎችን እንዲደበድብ የተሠራ አነስተኛ የጦር አውሮፕላን ሲሆን፣ በዘርፉ እጅግ ከተዋጣላቸው አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) እስከ 30,000 ፓውንድ፣ ማለትም 13,600 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አውሮፕላን ሲፈልግ፣ የዳግላስ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ኤድ ሃይነማን የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ የሚመዝን ንድፍ ይዘው ቀረቡ።

የንድፉ ብልኃት በተለይ በክንፉ ላይ ይታያል። በመርከብ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፍ ቢሆንም፣ ማጠፊያው ራሱ ክብደት ስለሚጨምር፣ ሃይነማን ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.4 ሜትር ብቻ የሆነ፣ መታጠፍ የማያሻው ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ክንፍ ነደፉ፤ የማረፊያ እግሮቹም የረዘሙት ከሆዱ ሥር ትልቅ ቦምብ፣ የኑክሌር ቦምብ ጭምር፣ ማንጠልጠል እንዲቻል ነው።

ስካይሆክ ጁን 22 ቀን 1954 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ በ1956 አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ ምርቱ በ1979 እስኪያበቃ 2,960 ተሠርተዋል። በቬትናም ጦርነት ከባድ ግዳጅ የተሸከመውና ብዙ አብራሪዎችም የወደቁበት አውሮፕላን ሲሆን፣ ኋላ ሴናተር የሆኑት ጆን ማኬይን በ1967 ሃኖይ ላይ ተመትተው የተማረኩት ይህንኑ ዓይነት ሲያበርሩ ነው። የሙዚየሙ አውሮፕላን ቀለም የባሕር ኃይሉ የትርኢት በረራ ቡድን የብሉ ኤንጅልስ መለያ ነው፤ ቡድኑ በስካይሆክ የተጠቀመው ከ1974 እስከ 1986 ነበር።