የሞላ ታክሲ አይቆምም

የእርግዝና መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ከወጣ ሴትየዋ አርግዛለች። በአሽከርካሪ ምራቅ ውስጥ ካናቢስ የሚፈልጉት ብዙዎቹ ወረቀቶች ግን የሚነበቡት በግልባጩ ነው፦ ሁለት መስመር ካለ «መንገድዎን ይቀጥሉ»፣ አንዱ ከጠፋ «እስኪ ይውረዱ»።

ለምን ተገለበጠ? የእርግዝናው ሆርሞን ትልቅ ስለሆነ ሁለት አንቲቦዲዎች ከሁለት ወገን ይይዙታል። የሚያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ ግን ትንሽ ነው፤ አንዱ ከያዘው ለሌላው ቦታ አይተርፍም።

ስለዚህ ታክሲ አስቡ። ወረቀቱ መንገድ ነው። ታክሲዎቹ በደቀቀ ወርቅ ላይ የተለጠፉ አንቲቦዲዎች ናቸው፤ መነሻው ላይ ቆመው ምራቁ እስኪገፋቸው ይጠብቃሉ። (ወርቅ እስከዚህ ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ይቀላል፤ የምናየው ቀለም እሱ ነው።) መሀል ላይ ፌርማታ አለ። እዚያ የቆሙት ተሳፋሪዎች ፋብሪካው ከወረቀቱ ጋር ያጣበቃቸው ቲኤችሲዎች ናቸው። ምራቁ ንጹህ ከሆነ ታክሲዎቹ ባዷቸውን ይደርሳሉ፤ ሊጭኑ ሲቆሙ ተሳፋሪው ከመሬት አይላቀቅም፣ እነሱም እዚያው ይቀራሉ። ቀይ መስመር ወጣ ማለት ነው። ሰውየው አጭሶ ከሆነ ግን ታክሲዎቹ ገና ከመነሻው ይሞላሉ። የሞላ ታክሲ ፌርማታ ላይ ምን ያቆመዋል? ያልፋል፤ መስመርም የለም።

ራቅ ብሎ ያለው ሁለተኛው መስመር ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ የደረሰውን ሁሉ፣ የሞላም ይሁን ባዶ፣ ያስቆማል። እሱ ጋ ምንም ካልታየ ወረቀቱ ተበላሽቷል፣ ይጣል።

ተመራማሪዎች አሁን እንደ ስኳር መለኪያ ያለ መሣሪያ እየሞከሩ ነው፤ ቲኤችሲ ኤሌክትሮድ ላይ ኤሌክትሮን ሲለቅ የሚፈጠረውን ጅረት ለክቶ ቁጥር ይሰጣል። የሚያስቸግራቸው የቲኤችሲ ቅባት ወዳድነት ነው። ቅቤ የነካው ፕላስቲክ ዕቃ በቀላሉ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ፤ ቲኤችሲም የምራቅ መሰብሰቢያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በዚሁ ጠባዩ ሰውነት ስብ ውስጥም ስለሚከማች፣ የዘወትር አጫሽ ሽንት ቅሪቱን ለሳምንታት ሊያሳይ ይችላል። የመንገድ ዳር ምርመራ ምራቅን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ቅርብ ሰዓታት ነው።

ያም ሆኖ ወረቀቱ ሰውየው መስከሩን አይለካም። የአልኮል ትንፋሽ መለኪያን አምኖ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጥርጣሬን የሚያጸድቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. አሽከርካሪዎችን በምራቅ መመርመር በጀመረችበት ቀን፣ ካሜራ ተደግኖ ሳለ አንድ አሽከርካሪ ካናቢስ ተገኘበት ተባለ። ላቦራቶሪው ግን ምንም አላገኘበትም።