ደብዳቤ እንደ ስደት ምስክር፦ ታምራት አማኑኤል በኢማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ መጻሕፍት

መግቢያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሚያገኛቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» የተሰኘው የታምራት አማኑኤል አጭር ጥናት ነው። ታምራት በዚህ ሥራቸው እንደ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያሉ ጸሐፊዎችን መዝነዋል። መዛኙ ራሳቸው ማን ነበሩ? ይህን ጥያቄ በስፋት ካነሡት ተመራማሪዎች መካከል በቬኒስ ካ ፎስካሪ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ጥናት መምህር የነበሩት ኢማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ ይገኛሉ። እሳቸው በ2000 እ.ኤ.አ. የታምራትን ደብዳቤዎች በጣሊያንኛ፣ በ2007 የዣክ ፋይትሎቪችን ታሪክ፣ በ2018 ደግሞ የታምራትን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መጻሕፍት ስለ ስደትና ስለ ሕዝባዊ አገልግሎት ምን እንደሚያስረዱ ማሳየት ነው።

የታምራት ጉዞ

ታምራት ጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ በፓሪስ የተማሩት የፖላንድ አይሁዳዊ ፋይትሎቪች አገኟቸውና ወደ አውሮጳ ወሰዷቸው። በፓሪስ፣ ኋላም በፍሎረንስ የረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። ፋይትሎቪች በተለያየ ጊዜ ወደ ውጭ ከላኳቸው 25 ገደማ ወጣቶች ቀደምቱ እሳቸው ናቸው። አገራቸው ተመልሰው በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሮቢትና ከቆቦ በስተሰሜን ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ፤ ብዙ ምሁራንም ተከተሉ። ታምራት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ አገር ጥለው በግብጽና በኢየሩሳሌም ኖሩ። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በፓሪስ በዲፕሎማሲ ሥራ አገለገሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም አረፉ። ባሕሩ ዘውዴም በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከለውጥ ፈር ቀዳጅ ምሁራን ጋር ያነሷቸዋል።

የደብዳቤው ልዩ ምስክርነት

የጣሊያን ወረራ ዘመን በአማርኛ በብዛት የሚታወቀው በትዝታ መጻሕፍት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»ን የጻፉት ከእስራታቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር። ትዝታ ጸሐፊ መጨረሻውን ያውቃል፤ እንደሚተርፍም፣ አገሩ ነጻ እንደምትወጣም ያውቃል። ደብዳቤ ጸሐፊ ግን ነገን አያውቅም። ፍርሃቱም ተስፋውም ገና ያልተፈታ ነው። ስለዚህ የታምራትን ደብዳቤዎች የሚያነብ ሰው ስደትን ካለቀ በኋላ እንደ ተተረከ ታሪክ ሳይሆን ሲኖሩት እንደሚሰማ ጥያቄ ያገኘዋል።

ይሁንና ደብዳቤም የራሱ ገደብ አለው። ለማን ተጻፈ የሚለው ይዘቱን ይወስነዋል። ፋይትሎቪች የታምራት አስተማሪ፣ ደጋፊና የሥራ አለቃ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚጻፍ ቃል ምስጋናንና ቅሬታን ባንድነት መሸከሙ አይቀርም። አንባቢ ዝም የተባለውንም ጭምር ማንበብ ይገባዋል።

በገዢና በተገዢ መካከል

ትሬቪዛን ሴሚ የ2018ቱን መጽሐፋቸውን «በተገዢዎችና በገዢዎች መካከል» የሚል ንኡስ ርእስ ሰጥተውታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታምራት በኢትዮጵያዊነታቸው የተወረረው ሕዝብ አባል ናቸው፤ በትምህርታቸውና በወዳጆቻቸው በኩል ግን ከጣሊያን አይሁድ ጋር የተቆራኙ ነበሩ። በ1936 እ.ኤ.አ. የጣሊያን አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪተርቦ የተባሉትን ጠበቃ ወደ ቤተ እስራኤል ሲልክ፣ መልእክተኛው የመጡት ቅኝ ገዢው በዘረጋው አስተዳደር ጥላ ሥር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ገዢው ክንዱን በራሱ ዜጎች ላይ አዞረ። በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው ድንጋጌ ጣሊያናውያን ከቅኝ ተገዢዎች ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖሩ በእስራት ቅጣት ከለከለ። በ1938 ደግሞ የዘር ሕጎች የጣሊያንን አይሁድ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ አስወጡ። ቪተርቦ ራሳቸው በ1940 ታስረው ተጋዙ። ጥቅምት 1943 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ከሮማ ወደ አውሽዊትስ ካጋዟቸው ከ1,000 በላይ አይሁድ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። መጀመሪያ በአፍሪካውያን ላይ በሕግ የታወጀው የዘር ልዩነት በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ ወደ አውሮጳ ቤት ገባ ማለት ነው። የታምራትን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው የኒው ዮርክ ማእከል ከአውሽዊትስ ተርፎ ምስክርነቱን በጻፈው በፕሪሞ ሌቪ ስም መሰየሙም ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያቆማቸዋል።

ማጠቃለያ

ከእነዚህ መጻሕፍት የምናገኘው ዋና ቁም ነገር ስደት አንድ ጊዜ ወጥቶ የመመለስ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ታምራት በልጅነታቸው ለትምህርት፣ በጎልማሳነታቸው ከሞት ለመዳን፣ በሽምግልናቸው ደግሞ ኢየሩሳሌምን መርጠው ከአገር ወጡ፤ በየመካከሉም ተመልሰው አገለገሉ። ስደተኛውና የሕዝብ አገልጋዩ አንድ ሰው ናቸው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥቅሙ ግልጽ ነው። «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» ከደብዳቤዎቹ ጋር ሲነበብ፣ ሂሱ ከየትኛው ልምድ እንደፈለቀ ይታያል፤ የሌላውን ደራሲ ለገዢ ማደር ወይም ለአገር መቆርቆር የሚመዝነው ሰው ራሱ በሁለቱ መካከል የተፈተነ ነበርና። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ በጥንቃቄ ወደ አማርኛ ተመልሰው ለአንባቢ ቢቀርቡ መልካም ነው። የአማርኛን ጸሐፊዎች በአማርኛ የመዘነ ሰው በአማርኛ ሊመዘን ይገባል።